የኅዳር ጠዋትና አሮጌው ናፍጣ

ኅዳር ገብቶ ብርዱ ሲጠና የብዙ ሰፈር ጠዋት በድምፅ ይለያል። ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ከአንዱ ግቢ ሞተሪኖ ይጮሃል፤ ያርፋል፤ ደግሞ ይጮሃል። በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ሙከራ ሞተሩ እየተንገጫገጨ ይነሳና ነጭ ጭሱ አጥር ተሻግሮ የጎረቤትን የተሰጣ ልብስ ያጥናል። ልጆች ቦርሳቸውን እንዳዘሉ ከመኪናው ኋላ ቆመው ያስላሉ። አባት "ናፍጣ ሲያረጅ እንዲህ ነው" ይላሉ፤ እናት መስኮት ይዘጋሉ፤ ቀኑ ይቀጥላል።

በዚህ ወር ዓምዳችን የምናነሳው ይህንኑ "እንዲህ ነው" የምንለውን ነገር ነው። ጠዋት አልነሳ የሚል አሮጌ ናፍጣ አብዛኛውን ጊዜ የሚፈልገው አዲስ ሞተር አይደለም። የሚፈልገው ከጣት ብዙም የማይበልጡ ጥቂት ማሞቂያዎችና ለዓመታት የተጠራቀመ ጥቀርሻ መጠረግ ነው። ሥራው ከባድ አይደለም፤ ቅደም ተከተሉ ከተዛባ ግን ርካሹ ጥገና በአንድ ከሰዓት ወደ ውዱ ይለወጣል።

ጉዳዩ ዛሬ ከበፊቱ ይልቅ ኪስ ይነካል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ያገለገለ መኪና ማስገባትን በእጅጉ አስወደደው። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች እንዳይገቡ መንግሥት ከለከለ። ወደ ኤሌክትሪክ የተሻገሩ ጎረቤቶች አሉን፤ እሰየው። ነገር ግን ክፍለ ሀገር የሚመላለስ፣ ሥራው ፒክአፕ የሚፈልግ፣ ወይም መኪና የመቀየር አቅም የሌለው ቤተሰብ ግቢው ያለውን ሃይሉክስ፣ ፕራዶ፣ ሃይኤስ ወይም ፓትሮል ገና ለዓመታት ይዞ ይኖራል። ስለዚህ ብናውቀው ይሻላል።

ከመሠረቱ እንጀምር። የቤንዚን ሞተር ካንዴላ አለው፤ ካንዴላው እሳት ይረጫል፣ ቤንዚኑ ይነዳል። ናፍጣ ላይ ብልጭታ የሚባል የለም። ጀርመናዊው ሩዶልፍ ዲዝል በ1897 እ.ኤ.አ. ሠርቶ ካሳየው ሞተር ጀምሮ ሐሳቡ ያው ነው፦ አየርን አጥብቆ መጭመቅ፣ በመጨመቁ እንዲግል ማድረግ፣ በጋለው አየር ላይ ናፍጣ መርጨት። የብስክሌት ጎማ በእጅ ፓምፕ የነፋ ሁሉ የፓምፑ ጫፍ እንደሚሞቅ ያውቃል፤ ነገሩ እሱ ነው። ችግሩ ሌሊቱን ሲበርድ ያደረ ብረት ያንን ሙቀት ይመጥጠዋል። አየሩ በቂ ሳይግል ናፍጣው ይረጫል፣ ሳይነድም በጭስ ማውጫው ይወጣል። ጠዋት የምናየው ነጭ ጭስ አብዛኛውን ጊዜ ይኸው ያልተቃጠለ ናፍጣ ነው፤ ዓይን የሚያቃጥለውም ለዚህ ነው።

ይህን ክፍተት የሚሞላው ግሎው ፕላግ ነው። በጋራዥ አካባቢ የናፍጣ ካንዴላ ወይም ማሞቂያ ካንዴላ ሲባልም ትሰማላችሁ። ለእያንዳንዱ ሲሊንደር አንድ አለ፤ አራት ሲሊንደር ባለው አራት፣ እንደ ላንድክሩዘሩ 1ኤችዜድ ባለ ስድስት ሲሊንደር ሞተር ላይ ስድስት። ቁልፍ ስታዞሩ ከባትሪ ኤሌክትሪክ ይወስድና ጫፉ እንደ ምድጃ ሽቦ ይቀላል፤ እንደ ዓይነቱ ከ800 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ይደርሳል። ዳሽቦርዱ ላይ የተጠቀለለ ሽቦ የምትመስለዋ ብጫ መብራት የምትናገረው ስለ እሱ ነው። መብራቷ እስክትጠፋ ጠብቁ ማለት ነው። ከሹፌሮቻችን ብዙዎቹ ግን ቁልፉን እንደ ቤንዚን መኪና አንዴ ጠምዝዘው ያልፏታል። ለመጠበቅ የሚወስደው ጥቂት ሴኮንድ ነው፤ "ቢስሚላህ" ወይም "በስመ አብ" ብሎ ለመጨረስ እንኳ አይበቃም ማለት ይቻላል።

ሁሉም ሞተር እኩል አይፈልገውም። እንደ 2ኤል፣ 3ኤል፣ 5ኤል፣ 1ኤችዜድና 1ኬዜድ ያሉት የቆዩ የቶዮታ ሞተሮች ናፍጣውን የሚረጩት በቀጥታ ፒስቶኑ ላይ ሳይሆን ከቴስታታው ውስጥ ባለች ትንሽ ክፍል ነው። ያች ክፍል ሙቀት ቶሎ ታባክናለች፤ ስለዚህ ማሞቂያው ሲሞት ወዲያው ያስታውቃሉ። ከዚያ በኋላ የመጣው 1ኬዲ፣ ማለትም ብዙዎች ዲ-ፎር-ዲ የምንለው፣ በቀጥታ ስለሚረጭ በአዲስ አበባ ብርድ አንዱ ወይም ሁለቱ ማሞቂያ ሞቶም ሊነሳ ይችላል። ያ መልካም ዜና ይመስላል፤ አይደለም። ችግሩ ተደብቆ ይከርማል፣ ጥቀርሻው ይጠራቀማል፣ አንድ ቀን ደብረ ብርሃን ለሰርግ ሄዳችሁ ባደራችሁበት ጠዋት ይገለጣል።

ከፍታውንም አንርሳ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ሞተሩ እዚህ በአንድ ትንፋሽ የሚያገኘው አየር ባሕር ወለል ላይ ከሚያገኘው ሦስት አራተኛ ያህል ነው። ፖምፓው ግን ይህን ሳያውቅ ያንኑ ናፍጣ ሊልክ ይችላል። አየሩ አንሶ ናፍጣው ከበዛ ውጤቱ ጥቁር ጭስና ጥቀርሻ ነው። ቱርቦ ያለው ሞተር ጉድለቱን በከፊል ያካክሳል፤ አንዳንድ ሞዴሎችም ለከፍታ የሚያስተካክል መሣሪያ ከፋብሪካ ይዘው ይመጣሉ። በዚህ ላይ "ጉልበት ይጨምርልህ" ተብሎ ፖምፓው የተከፈተለት መኪና በየመንገዱ አለ። ዳገት ላይ ከፊታችሁ ሄዶ መንገዱን የሚያጨልመው አብዛኛውን ጊዜ እሱ ነው። ያ ጉልበት አይደለም፤ ተከፍሎበት ሳይነድ የተደፋ ናፍጣ ነው።

አሁን ወደ ገንዘቡ እንምጣ። አንዲት ጎረቤቴ ባለፈው ዓመት ሃይሉክሷ ጠዋት አልነሳ ሲላት ባትሪ ቀየረች። ለሳምንት የተሻለ መሰለ፣ ከዚያ ወደ ነበረበት ተመለሰ። ሞተሪኖ አሠራች። ቀጥሎ "ፖምፓው ነው፣ መውረድ አለበት" ተባለች። ያን ከማስወረዷ በፊት ግን አንድ በዕድሜ የገፉ መካኒክ ጋር ወሰደችው።

"ጋሼ፣ ፖምፓው ነው ብለውኛል" አለቻቸው።

"ቆይ ልጄ" አሏት፤ "ፖምፓ ከመንካታችን በፊት አንድ አምፖል እናምጣ።"

በሩብ ሰዓት ውስጥ ከአራቱ ማሞቂያዎች ሦስቱ ሞተው ተገኙ። ባትሪው ለምን ለሳምንት እንደረዳም ገባት፦ አዲስ ባትሪ ሞተሩን ፈጠን አድርጎ ስለሚያዞረው በአንድ ማሞቂያም ቢሆን እየታገለ ይነሳ ነበር። የአምፖሉን ዘዴ እኔም ቆሜ አይቼዋለሁ፤ ማንም ባለመኪና ሲሠራ ሊከታተለው ይችላል። ስለዚህ ልተርከው።

መጀመሪያ ማሞቂያዎቹን እርስ በርስ የሚያገናኘው ጠፍጣፋ ብረት ላይ ኤሌክትሪክ መድረሱ ይታያል። አንድ ሰው ቁልፉን ያበራል፣ መካኒኩ በቴስተር ይለካል። በ12 ቮልት መኪና ላይ ወደ 12 የሚጠጋ ካላሳየ ጥፋቱ ከማሞቂያዎቹ በፊት ነው፤ ፊውዝ፣ ሪሌ ወይም ሰዓት ቆጣሪው ሊሆን ይችላል። አራት አዲስ ማሞቂያ ብታስገቡም ምንም አይለወጥም። ኤሌክትሪክ ከደረሰ ያ ብረት ይፈታል። ይህ የማይታለፍ ነው፤ ብረቱ ሳይፈታ ከተለካ ደህናው የሞተውን ይሸፍነዋል፣ ሁሉም ደህና ይመስላል። ከዚያ የትንሽ አምፖል አንዱ ሽቦ ከባትሪው ፖዘቲቭ ጋር ይያያዛል፣ ሌላው በየማሞቂያው ራስ ላይ በተራ ይነካል። አምፖሉ ከበራ ውስጡ ያለው ሽቦ አልተበጠሰም፤ ካልበራ ያ ማሞቂያ ሞቷል። በቴስተር ኦም የሚለካ ከሆነ ደህናው በአብዛኛው ከ2 ኦም በታች ያሳያል፤ የሞተው ምንም አያነብም።

ፈትቶ በእጅ ይዞ በባትሪ እያቀሉ መሞከር የሚወዱ አሉ። ቪዲዮ ላይ ያምራል። ነገር ግን እጅ ያቃጥላል፤ ለዝቅተኛ ቮልት የተሠራ ከሆነም ጫፉ ሊፈነዳ ይችላል።

ይህ የቮልቱ ነገር ዕቃ ስትገዙ ዋናው ነው። መልካቸው አንድ፣ ጥርሳቸው አንድ ሆኖ የሚሠሩበት ቮልት የሚለያይ ማሞቂያዎች አሉ። 24 ቮልት የሆኑ ላንድክሩዘሮች አሉ፤ በ12 ቮልት መኪና ላይም መቆጣጠሪያው ቮልቱን እየቀነሰ ስለሚልክ ከ12 በታች የተሠሩ ማሞቂያዎች ያሏቸው አሉ። ዝቅተኛውን ከፍተኛው ላይ ካስገባችሁት በቀናት ይቃጠላል፤ ከፍተኛውን ዝቅተኛው ላይ ካስገባችሁት አይሞቅም። ስለዚህ ሶማሌ ተራ ስትሄዱ "የሃይሉክስ ግሎው ፕላግ" ብቻ ብላችሁ አትጠይቁ። የሞተሩን ኮድ ከሊብሬው ወይም ከሞተሩ ላይ ጻፉ፤ የወጣውንም ማሞቂያ ይዛችሁ ሂዱ። ጎኑ ላይ የተቀረጸው ቮልትና ቁጥር ከአዲሱ ጋር ይመሳሰል።

የምተዳደረው በማርኬቲንግ ስለሆነ ስለ ካርቶኑ አንድ ነገር ልበል። ካርቶን ለማስመሰል ከምርቱ ይልቅ እጅግ ይቀላል። "ኦሪጅናል" የሚለው ቃል ማንም ሊያትመው የሚችል ቃል ነው። ካርቶኑን ትታችሁ ዕቃውን እዩት፦ ቁጥሩ ብረቱ ላይ በጥራት ተቀርጿል ወይስ ቀለም ብቻ ነው? ጥርሱ ንጹሕ ነው? አራቱም በክብደትና በርዝመት እኩል ናቸው? ሻጩ አንዱን በቴስተር ለክቶ ሊያሳያችሁ ፈቃደኛ ነው? ለመለካት የሚያመነታ ሻጭ ጋር ብዙ አልቆይም። ደግሞም ሙሉውን ቀይሩ። አንዱ ከሞተ ሌሎቹም ያንኑ ያህል ክረምት አልፈዋል፤ በየወሩ ጋራዥ ከመመላለስ ይሻላል።

አሁን የሥራው አደገኛ ክፍል። አሮጌ ማሞቂያ ለዓመታት በሙቀትና በጥቀርሻ ተጣብቆ ስለሚኖር ሲፈታ ሊሰበር ይችላል። ከተሰበረ ግማሹ ቴስታታው ውስጥ ይቀራል፤ በልዩ መሣሪያ ካልወጣ ቴስታታ ማስወረድ ይመጣል። ያኔ የአራት ማሞቂያ ዋጋ ኢምንት ይሆናል። ለዚህ መድኃኒቱ ትዕግሥት ነው። ከዋዜማው ማታ ዝገት የሚያላቅቅ ዘይት በየሥሩ ይጨመራል። በማግስቱ ሞተሩ ሞቅ እያለ፣ በረጅም ቁልፍ ሳይሆን በአጭሩ፣ ትንሽ ወደ ግራ፣ ትንሽ ወደ ቀኝ እየተባለ ይፈታል። ቢጠነክር ዘይት ጨምሮ ለሌላ ቀን መተው ነውር አይደለም። "ዛሬ ካልጨረስኩ" የሚል መካኒክ እጅ ላይ ይህን ሥራ አልሰጥም።

ከወጣ በኋላ የሚቀመጥበት ቀዳዳ ከጥቀርሻ ይጸዳል፤ የሚረግፈው ወደ ሲሊንደር እንዳይገባም ይጠነቀቃሉ። አዲሱ በእጅ ተጀምሮ ይገባል፣ ከዚያ ብዙዎቹ ከ10 እስከ 20 ኒውተን ሜትር በሆነ ጉልበት ብቻ ይጠብቃሉ። ትክክለኛው ቁጥር የመኪናው ማንዋል ላይ ያለው ነው። ያ ትንሽ ጉልበት ነው። የጎማ ቡሎን እንደሚታሰረው ከታሰረ ለሚቀጥለው ጊዜ መሰበሩን ዛሬ አዘጋጅተንለታል ማለት ነው።

የወጡትን አሮጌዎች ተቀብላችሁ ጫፋቸውን ተመልከቱ። ደረቅና ግራጫ ከሆነ ዕድሜው ነው። ጫፉ ካበጠ ወይም ከተሰነጠቀ ሪሌው ሳይዘጋ ቀርቶ ሲያነደው ኖሯል፣ ወይም ኢንጀክተሩ በትክክል አይረጭም። ጫፉ ተቆርጦ ከጠፋ ሞተሩን አታስነሱ፤ ቁራጩ ሲሊንደር ውስጥ ሊሆን ይችላል። አንዱ ብቻ በወፍራም ጥቁር ጥቀርሻ ከተሸፈነ ደግሞ የዚያን ሲሊንደር ኢንጀክተር አውጥቶ ፖምፓና ኢንጀክተር የሚሠሩ ቤቶች ወስዶ ማስፈተሽ ነው። ማሽን ላይ አስረው ሲረጩት ታያላችሁ፤ ደህናው እንደ ጉም ይበትናል፣ የታመመው እንደ ሕፃን ያንጠባጥባል።

ወደ ጥቀርሻው ስንመጣ ነገሩ ሁለት ቦታ ነው። አንዱ በጭስ ማውጫው በኩል ያለው ደረቅ ጥላሸት ነው። ይህ በመንዳት ይቀንሳል። ልጅ ትምህርት ቤት አድርሶ፣ ቢሮ ገብቶ፣ ማታ በትራፊክ እየተጎተተ የሚመለስ ናፍጣ ሞተር በሚገባ ሞቆ አያውቅም። በሳምንት አንድ ጊዜ፣ ለምሳሌ በአዲስ–አዳማ የፍጥነት መንገድ ላይ በተፈቀደው ፍጥነት ለግማሽ ሰዓት ሲሠራ የላላው ጥላሸት ይቃጠላል። ሁለተኛው ግን በአየር መግቢያው በኩል ያለው ነው፤ ይህ በመንዳት አይወጣም። እንደ 1ኬዲ ያሉ ሞተሮች ከጭሱ የተወሰነውን መልሶ ወደ መግቢያው የሚልክ ኢጂአር የተባለ ቫልቭ አላቸው። የአየር ብክለትን ለመቀነስ የተሠራ ነው። ያ ጭስ ከሞተሩ ከሚመጣ የዘይት ትነት ጋር ሲቀላቀል እንደ ሬንጅ ይሆናል፣ መግቢያውንም ያጠብበዋል። ለማመን ከፈለጋችሁ ሲፈታ ቆማችሁ እዩ፤ ጀበና ሥር ከተጋገረ ጥቀርሻ የከፋ ነው።

ይህ የሚጸዳው ወርዶ ነው። ኢጂአሩና የአየር መግቢያው ይፈታሉ፣ ተነክረው ይፋቃሉ፣ በደንብ ይደርቃሉ፣ በአዲስ ጓርኒሲዮን ይመለሳሉ። የአንድ ቀን ሥራ ነው። ሞተሩ እየሠራ በአየር መግቢያው በኩል ማጽጃ ፈሳሽ እንርጭ ከተባላችሁ ግን አይሆንም በሉ። ናፍጣ ሞተር የሚቀጣጠል ነገር ካገኘ ነዳጅ ነው ብሎ ያነደዋል፤ በብዛት ከገባለት ቁልፍ ብታጠፉም አይቆምም፣ እስኪሰበር ድረስ ሊሽከረከር ይችላል። ጠዋት አልነሳ ሲል በአየር ፊልትሮው በኩል ቤንዚን የነካ ጨርቅ ማሽተትና ኤተር መርጨትም ያው ነው። ውስጥ የጋለ ማሞቂያ ባለበት ኤተር መርጨት ፍንዳታ መጋበዝ ነው።

በታንከር ውስጥ ስለሚጨመሩት ጠርሙሶች ብዙ ትጠይቁኛላችሁ። ደህናዎቹ የኢንጀክተርን ጫፍ በመጠኑ ሊያጸዱ ይችላሉ። በናፍጣ ውስጥ የተጨመረ ነገር ግን ናፍጣ በማያልፍበት የአየር መግቢያ ላይ የተጋገረውን ሬንጅ አይነካም፤ መንገዱ ሌላ ነው። ጠርሙሱ ላይ "ሞተርዎን ያድሳል" የሚለውን የጻፈው እንደ እኔ ያለ ሰው እንጂ መካኒክ አይደለም።

ከዚህ ሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ ጭሱ ማን ላይ እንደሚያርፍ ነው። በዓለም ጤና ድርጅት ሥር ያለው ዓለም አቀፍ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ የናፍጣ ጭስን በ2012 እ.ኤ.አ. ካንሰር ከሚያመጡ ነገሮች የመጀመሪያው ምድብ ውስጥ አስገብቶታል። የመኪና ጭስ ማውጫ ደግሞ ከአዋቂ ጉልበት በታች ነው፤ ከአፀደ ሕፃናት ልጅ ፊት ብዙም አይርቅም። ስለዚህ ጥገናው እስኪያልቅ ድረስ ሞተሩ ተነስቶ ጭሱ እስኪጠራ ልጆቹ ቤት ውስጥ ይቆዩ። መኪናው ሲያድር የኋላው ወደ ወጥ ቤት ወይም ወደ መኝታ መስኮት አይዙር። "ይሙቅ" ብሎ ሩብ ሰዓት ቆሞ ማስነሳትም አይጠቅምም፤ ቆሞ የሚሠራ ናፍጣ የሚሞቀው ቀስ ብሎ ነው፣ ጥቀርሻ የሚያመርተው ግን በደንብ ነው። ከአንድ ደቂቃ በኋላ ሞተሩ እስኪሞቅ ሳያስጮኹ በዝግታ ቢነዱት ይሻላል። የአየር ፊልትሮውም አይረሳ፤ በበጋው አቧራ የታፈነ ፊልትሮ ብቻውን ጥቁር ጭስ ያስወጣል፣ ዋጋውም ከሁሉም ያነሰ ነው።

ጭሱ ነጭም ጥቁርም ሳይሆን ሰማያዊ ከሆነ እስካሁን ያልኩት አይመለከተውም፤ የሞተር ዘይት እየነደደ ነው። ማሞቂያዎቹ ተቀይረው፣ ባትሪው ደህና ሆኖ፣ ኢንጀክተሮቹ ተፈትሸውም ጠዋት መታገሉን ካልተወ ደግሞ ሌላ ዕቃ ከመግዛታችሁ በፊት ኮምፕሬሽን አስለኩ። በማሞቂያው ቀዳዳ መለኪያ ገብቶ የየሲሊንደሩ ግፊት ይነበባል። ቁጥሮቹን በወረቀት ተቀበሉ። አራቱ ተቀራራቢና ከማንዋሉ ዝቅተኛ ልክ በላይ ከሆኑ ሞተሩ ገና አለ፤ ጥፋቱን ሌላ ቦታ ፈልጉ። አንዱ ከሌሎቹ በጣም ከወረደ ቫልቮላ ወይም ጓርኒሲዮን ሊሆን ይችላል፤ ሁሉም ከወረዱ ፋሻው አልቋል። ሞተር ይውረድ ወይስ መኪናው ይሸጥ የሚለውን ክርክር በቤታችሁ የምትጀምሩት ያኔ፣ ያንን ወረቀት ጠረጴዛ ላይ አስቀምጣችሁ ነው።